የባፈሩ ሂሳብ

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ደርሷታል። «ማታ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ ልጨምርበት ወይስ ኬሚስትሪውን ብቻ ልያዝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ድሮ ቢሆን መልሴ ዝግጁ ነበር፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አሁን ግን እንዲህ ለማለት አፌ አልደፈረም።

የምሠራው ውሃ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ብዙ ናሙና ይመጣልናል። እዚያ የብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ከፍተኛ ነው። የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ሲብስ አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ቀን 0.9 የሚል ውጤት ለፊርማ መጣልኝ። ፍሎራይዱ እንዲቀንስ በአሉም፣ ማለትም በአሉሚኒየም ጨው፣ እና በኖራ የታከመ ውሃ ነው። ሕክምናው ሠርቷል ብዬ ደስ አለኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ጋሼ፣ እንዳይፈርሙ» አለች አዲሷ ባልደረባችን። ቀን ኬሚስትሪ፣ ማታ አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ናት። ስትቀጠር «ታዲያ የትኛውን ነው በደንብ የምታውቂው?» ብዬ ሰው ፊት ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።

ከመጋዘን የወጣው ዕቃ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ይዛለች። ፍሎራይድ ስንለካ ባፈር የሚባል ፈሳሽ ከናሙናው ጋር እንቀላቅላለን፤ ለአንድ ናሙና 25 ሚሊ ሊትር ይገባል። የወጣው አንድ ሊትር ነው፤ መለኪያውን የምናስተካክልባቸውን ስታንዳርዶች እንኳ ሳንቆጥር ለ40 ናሙና ብቻ ይበቃል። መዝገባችን ላይ ግን 62 ናሙና ተጽፏል።

«የ22ቱ ባፈር ከየት መጣ?»

ከየትም አልመጣም። ሲያልቅ ቴክኒሻኑ በምትኩ ዲስቲልድ ውሃ ይጨምር ነበር። የእኔ 0.9ም ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነች።

ቁጥሩ ለምን እንደወረደ ግን እሷም አልገባትም። ያን እኔ አወቅሁት። ከአሉሙ የተረፈው አሉሚኒየም ፍሎራይዱን ይይዘዋል፤ መለኪያችን ኤሌክትሮዱ ደግሞ የሚያነበው ነፃውን ብቻ ነው። አሉሚኒየሙን ጠፍሮ ፍሎራይዱን የሚያስለቅቀው ባፈሩ ነው። አዲስ ባፈር አስወጥተን ደገምነው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጥቶ 2.4 ላይ ቆመ። ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ውሃ የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ማታ መማሩ የላብራቶሪ ሰዓትሽን የሚነካ ከሆነ ተይው አልኳት፤ እዚያ በእጅ ያልነኩት ነገር በኋላ ከመጽሐፍ አይገኝም። ካልነካው ግን ግቢበት።

«እሷ ግን በፈተና ሰሞን እንዴት ትችለው ነበር?» አለችኝ።

እሱን እኔ አልኖርኩትም። የልጅቷን ስልክ ሰጠኋት።