ግንቦት 7 የሰጠመው ማዳበሪያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ትልቁ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ከድልድዩ ላይ።

ግንቦት በመጣ ቁጥር ግን ሐሳቤ ሁሉ መርከብ ይሆናል። የጭነት መኪናው ከጂቡቲ ከዘገየ፣ መጋዘኑ በር ላይ ተኮልኩሎ የሚጠብቀው ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። አንድ ሽማግሌ ሦስት ቀን ተመላልሰው «ልጄ፣ ይህ ማዳበሪያ የት ቀረ?» ቢሉኝ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ማዳበሪያ እንደ ጫኑ ስለቀሩ መርከቦች ማንበብ ጀመርኩ። አይሪሽ ኦክን ያገኘኋት እንዲህ ነው።

አየርላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። ሆኖም ብዙው ነገሯ በባሕር የሚመጣ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የመርከብ ድርጅት አቋቁማ ያረጁ መርከቦችን ከዚህም ከዚያም ለቃቀመች። አይሪሽ ኦክ እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካ ውስጥ የተሠራች የኪራይ መርከብ ናት። በጦር መርከብ አትታጀብም። ጎኗ ላይ ባንዲራዋና የአገሯ ስም በትልልቁ ተስሏል። ሌላው መርከብ ሁሉ መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ ሲሹለከለክ፣ እሷ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ብላ ትጓዛለች። የማንም ወገን አይደለሁም ማለቷ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1935፣ ጎጃም ጣሊያን ከወጣላት ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አይሪሽ ኦክ ከታምፓ፣ ፍሎሪዳ 8,000 ቶን የፎስፌት ማዳበሪያ ጭና ወደ ደብሊን ትመጣለች። ልማድ ሆኖብኝ ወዲያው በኩንታል አሰብኩት፤ 80,000 ኩንታል። የእኔ መጋዘን እስከ ጣሪያው ቢሞላ 2,000 ይይዛል። አርባ መጋዘን ሙሉ ማለት ነው!

አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አያትና ገለልተኛ መሆኗን ለይቶ ተዋት። በማግሥቱ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ዩ-607 የተባለው ሌላው ግን በቶርፔዶ መታት። ሠራተኞቿ በጀልባ ወረዱ፤ አይሪሽ ፕሌን የተባለች የአገራቸው መርከብ ደርሳ ሁሉንም አተረፈቻቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የተመታችው አይሪሽ ፓይን እንዲህ አልቀናትም፤ 33ቱም መርከበኞች አብረዋት ቀርተዋል።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መርከቧ ጀርመኖቹን ካየች በአቅራቢያው ለነበሩት የእንግሊዝ መርከቦች ለምን አላስጠነቀቀችም የሚል ጥያቄ ተነሣ። ተመትታም ተወቀሰች። ብታስጠነቅቅ ኖሮ ጎኗ ላይ የተጻፈው ስም ውሸት ይሆን ነበር። ዳኛ ብሆን ለመርከቧ እፈርድላት ነበር።

የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው እንዳልል፣ ሩቢማር አለች። የቤሊዝ ባንዲራ ታውለበልብ የነበረችው ይህች መርከብ የካቲት 10 ቀን 2016 ማዳበሪያ እንደ ጫነች በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ ተርፈው የተወሰዱት ወደ ጂቡቲ ነው፤ የእኛ ማዳበሪያ ወደሚራገፍበት አገር። እሷ ራሷ እየተንሳፈፈች ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ፣ እኛ ዓድዋን በምናከብርበት በየካቲት 23 ሰጠመች። 21,000 ቶን ይዛ። ይህን እንኳ ወደ መጋዘን አልመነዘርኩትም።

ማዳበሪያው በመጨረሻ ሲገባ ለሽማግሌው ይህንኑ አጫወትኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ለመሆኑ ያ ሁሉ ማዳበሪያ ባሕር ውስጥ ምን ያበቅላል?» አሉኝ።

«የውኃ አረም ያበዛል ብለው ይሰጋሉ።»

«እንቦጭ በለኛ!» አሉ። ጣና ዳር ዘመድ አላቸው።

ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው መዝገቡ ላይ አተሙ፤ ሁለቱን ጆንያ ተጋግዘን አህያቸው ላይ ጫንን። አንደኛው ጥጉ ላይ ተቀድዶ ኖሮ ደጃፉ ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ሽማግሌው ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።