ከቧንቧው ሥር የተደፋው ሳፋ

ኅዳር 16፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ

ውሃ መጥቷል። በርሜሉ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ገደማ አለኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በርጩማ ስቤ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። የደሴ ብርድ በኅዳር ቀልድ አያውቅም፤ እስክሪብቶዬ እንኳ ቀለም እስኪወጣው ድረስ ወረቀቱን በባዶው ሲጭር ቆየ።

የምንኖርበት ሰፈር ቧንቧ ውሃ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ዛሬ ቀና ብሎ ቢያየን ምን እንደሚል እንጃ። የኛ ግቢ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ ፈረቃውም ሌሊት መምጣት ይወዳል፤ በስንት ሰዓት እንደሚመጣም አይናገርም። እማዬ ለዚህ የራሷ ዘዴ አላት። ተራችን በሆነ ቀን፣ ዒሻን ሰግዳ ስታበቃ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ትከፍትና ከሥሩ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ሳፋ ታስቀምጣለች። ደፍታ። አፉ መሬት፣ ጀርባው ሰማይ።

ልጅ ሆኜ ለምን እንደምትደፋው አይገባኝም ነበር፤ ቀጥ አድርጋ ብታስቀምጠው ቢያንስ አንድ ሳፋ ውሃ ይጠራቀም ነበር እል ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። መጀመሪያ አየሩ ይወጣል፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ያስላል። ከዚያ አንድ ጠብታ ቆርቆሮው ጀርባ ላይ ጧ! ይላል፤ ቆየት ብሎ ሌላ ጧ! ከዚያማ እንደ አታሞ ይወርድበታል። የሞተ ይነሣል። ከኛ ቀጥሎ የጎረቤት መብራት ይበራል፣ ጀሪካን ይንኳኳል፣ የአንዱ ልጅ ያለቅሳል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሳፋ ግን ዝም ብሎ ይሞላል፣ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ማንንም አይቀሰቅስም።

እኔ በሕይወቴ ውሃ መጥቶ ተኝቼ አላደርኩም። በስልኬ ማንቂያ ግን ተነሥቼ አላውቅም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ይህን ማሰብ የጀመርኩት ዘንድሮ መስከረም ላይ ነው። እኔ ዘንድ ዕቅድ እንደ ዶሮ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ይገዛል፣ ብዙ ሳይቆይ ይታረዳል። አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ አሥመርኩና ሰባት ነገር ጻፍኩ፦ 11 ሰዓት መነሣት፣ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ በእግር መሄድ፣ በቀን 20 ገጽ ማንበብ፣ ስኳር ማቆም፣ ቲክቶክን ከስልኬ ማጥፋት፣ እንግሊዝኛ ማጥናት፣ በወር 2,000 ብር ማስቀመጥ። ሰባቱንም ባንድ ጊዜ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ። ደመራ ሲለኮስ አንዱም በሕይወት አልነበረም።

ቀድሞ የሞተው የ11 ሰዓቱ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ጀሪካን ስትሞላ ያደረች ሴት 11 ሰዓት ላይ ሯጭ አትሆንም። ይህን ምክር የሚሰጡን የአነቃቂ ንግግር ሰዎች ቤት ውሃው ቀን ቀን ይመጣል መሰለኝ። (ክፋቴ ነው፤ አንዳንዶቹን እወዳቸዋለሁ።)

የንባቡ አሟሟት ግን ለብቻው ይጻፍለት።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ፣ ኮምቦልቻ 1,800 ከምናምን ላይ ተዘርግታለች፤ በመሃላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያን ሁሉ ቁልቁለት በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው የሚጨርሰው። ጠዋት ካፖርት ለብሰን እንሳፈራለን፤ ታች ስንደርስ ካፖርቱ ክንዳችን ላይ ነው። ታዲያ እኔ ብልጧ፣ «ይህ ጊዜ ዝም ብሎ ለምን ይባክናል?» ብዬ መጽሐፌን ሚኒባስ ውስጥ ዘረጋሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጭጋጉ መጣ፤ አራተኛው ላይ ኩርባው መጣ፤ አምስተኛውን አላየሁትም። ረዳቱ ሳልጠይቀው ፌስታል አቀበለኝ። «እህቴ፣ ሐረጎ ላይ መጽሐፍ አይነበብም፤ ዱዓ ነው የሚደረግ» አለኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የነበሩት እናት ሎሚ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ።

በማግስቱ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ መጽሐፉም ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። ግን ወረፋ ስለምፈራ ከቤት ቀደም ብዬ ነው የምወጣው፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሥራ ልገባ ግማሽ ሰዓት ይተርፈኛል። መስከረም 20 ነበር፤ ብርድ ሳይሆን ማቅለሽለሹ እንዲለቀኝ ብዬ ፋብሪካው አቅራቢያ ካለች አንዲት የላስቲክ ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ አቀረቡልኝ። እስኪበርድልኝ አራት ገጽ አነበብኩ። በማግስቱም ገባሁ። በሳምንቱ እትዬ ሳላዝ መቅዳት ጀመሩ፤ ከጥግ ያለችውን አግዳሚም «የሷ ናት» እያሉ ሰው ያስነሡልኝ ጀመር።

አንድ ቀን ስልኬን ከፍቼ ቲክቶክ ላይ ቀረሁ። እትዬ ቦንቦሊኖ ከዘይት እያወጡ አሻግረው አዩኝና «ዛሬ መጽሐፍሽ የለም?» አሉ። ምንም አልጨመሩም። አፈርኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አሞኝ ቀረሁ፤ በማግስቱ ስገባ «ትናንት ሻይሽን ቀድቼ ጠብቄሽ በረደብኝ» አሉኝ። ልክፈል ብል እምቢ አሉ። ያች የበረደች ሻይ ከሰማኋቸው የራስ ማሻሻያ ንግግሮች ሁሉ በልጣ ጠዋት ጠዋት ትጎትተኛለች። ሰው ቀድቶ እየጠበቀሽ መቅረት ነውር ነው፤ ነውር ደግሞ ወሎ ውስጥ ከማንቂያ ደወል ይበልጣል።

ዓመታት ሙሉ ሰነፍ ነኝ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ኖሬያለሁ። ሰነፍ ሰው ግን በሳምንት ሁለት ሌሊት ለውሃ አይነሣም። እኔ የጎደለኝ ሳፋው ነበር። የኔን ነገሮች ሁሉ ቀጥ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ ዝም ብለው ሞሉ፣ ዝም ብለው ፈሰሱ።

ስለ ልማድ አንዳንድ ነገር አንብቤያለሁ፤ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ቁጥሩን ሳላጣራ ማለፍ አልችልም። በየቦታው «21 ቀን ከደጋገምሽው ልማድ ይሆናል» ይሉናል። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈው ሕመምተኞቹ አዲሱን መልካቸውን፣ ለምሳሌ የተስተካከለ አፍንጫቸውን፣ ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ማስተዋሉን ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ጠፋች፤ አፍንጫውም ጠፋ፤ 21 ብቻ ቀረ። በኋላ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ለ84 ቀን ተከታትለው፣ አንድን ነገር ሳያስቡት ለማድረግ የፈጀባቸውን ጊዜ ሲለኩ መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። አንዱ በ18 ቀን፤ ሌላው 254። ልብ በሉ፣ ጥናቱ 84 ቀን ሆኖ 254 ከየት መጣ? በስሌት የተተነበየ ነው። እኔ ይህን ሳይ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ እሱ ባለ 254ቱ ሰውዬ ነው። ዘመዴ መሰለኝ።

ከዚያው ጥናት ሌላ የያዝኩት ነገር፣ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል ጉዳት እንደሌለው ነው። ስለ አራት ቀን ግን የሚለው የለም። ጥቅምት ላይ የአክስቴ ባል ሐይቅ ከተማ ሞቱና አራት ቀን ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ለቅሶ ቤት ዕቅድ የሚባል ነገር የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ድንኳን ውስጥ «የዛሬዋን አራት ገጽ» ብላ መጽሐፍ የምታወጣ ሴት ብሆን ኖሮ ራሴን እጠላት ነበር። ድሮ ግን የሚያልቅብኝ እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ከተበጠሰ «በቃ፣ ከመጪው ወር» እላለሁ፣ መጪው ወር መጪው ዓመት ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ጥቁር ሻርፔን እንደለበስኩ ሻይ ቤቷ ገባሁ። እትዬ አይተው ገባቸው። «አላህ ይዘንላቸው። አብሽሪ» አሉና ሻዩን አስቀመጡ። ገጹ ያጠፍኩበት ቦታ ላይ ነበር።

ትናንት ስቆጥር ከመስከረም 20 ወዲህ 48 የሥራ ቀን አለፈ፤ አራቱን ለለቅሶ፣ አንዷን ለሕመሜ ስቀንስ 43 ቀን እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። የቲክቶኳን ቀን ጭምር። 160 ምናምን ገጽ። በሃያ ገጽ ዕቅዴ ቢሆን ስምንት ቀን ነው፤ ግን በሃያው ዕቅድ ስምንት ቀን ሄጄ አላውቅም።

እማዬ ይህን ሁሉ ብነግራት ትስቃለች። እሷ ሰዓት አታስርም፤ ቀኗ በአምስቱ ሶላት የተሰፋ ነው። እንጀራ የምትጋግረው ከሱብሂ በኋላ፣ ገበያ የምትወርደው ከዙህር በፊት፣ ቡና የምታፈላው ከዐስር በኋላ ነው። «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜና ቦታ ለይቶ መወሰን ሥራውን እንደሚያቀናው ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፏል። እማዬ ካለ እሱ ደርሳበታለች። «ሥራ ትንሽም ብትሆን የማትቋረጠዋ ናት አላህ ዘንድ የምትወደድ፤ ሐዲስ ነው» ትለኛለች፤ ይህን ስትል ግን ብዙውን ጊዜ የምታወራው ስላላጠብኩት ሰሐን ነው።

ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ምክንያት ከተማዋን ለቀን ስንወጣ እማዬ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ አቀፈች። እኔ ተናደድኩ፤ ሰነድ እንያዝ፣ ብርድ ልብስ እንያዝ እያልኩ ስጮህ እሷ ጀበና። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አሥራ አንድ ሰው ባንድ ክፍል አደርን። ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ አናውቅም ነበር። ከዐስር በኋላ ግን ጀበናው ይጣዳል፤ ቡናው ሲያልቅ ገብስ ቆላች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ የገብስ በረካ! ያኔ ሳቅንባት። ዛሬ ሳስበው እነዚያን ቀናት አንዱን ከሌላው የሚለየው ያ ብቻ ነበር።

ከሰባቱ የቀሩት? ቁጠባው ዕቁብ ገባሁና ተፈታ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ 500 ብር ነው፤ ዳኛዋ አታሳልፍም፤ በእሷ ፊት ባዶ እጄን ከምቆም ምሳዬን ብተው ይሻለኛል። እንግሊዝኛው እስካሁን ሳፋ አላገኘም። ጦሳ እዚያው አለ፤ በመስኮት አየዋለሁ። ስኳሩን ተውኩት፤ ዕቅዱን ማለቴ ነው፤ የእትዬ ሻይ ያለ ሁለት ማንኪያ አይሆንም።

ይህ ደብተር ደግሞ የሚጻፈው ውሃ በመጣ ሌሊት ብቻ ነው። ያንን ወስኜ አልነበረም። በጥቅምት መጀመሪያ በርሜሉን እየጠበቅሁ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ፤ ከበሩ ጀርባ ይህ ሰባቱ ዕቅድ የተጻፈበት ደብተር ነበርና አንሥቼ ከኋላው ጀምሬ መጻፍ ያዝኩ። አሁን ከፊት አንድ ገጽ ዕቅድ፣ ከኋላ ሃያ ሁለት ገጽ ሌሊት አለው። አንዳንዱ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ቀለሙን አፍስሶታል፤ አንዱ ላይ የጻፍኩትን እኔም ማንበብ አቅቶኛል።

እማዬ ወጣች። ለሌሊት ሶላቷ ውዱእ ልታደርግ ነው፤ ጣሳዋን ይዛለች።

«ምን እየጻፍሽ ነው በዚህ ብርድ?»

«ስለ ሳፋሽ።»

«ስለ ሳፋዬ ምን ይጻፋል?» አለችና ወደ በርሜሉ ዞረች። «አንቺ! ይኸው ስለ ሳፋ ስትጽፊ በርሜሉ ከሞላ ስንት ጊዜው! ግቢው ባሕር ሆነ!»

እውነቷን ነው። ነጠላ ጫማዬ ተንሳፍፏል።