ዛብ ከመልቀቅ በፊት

ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ በበቅሎ ሲወጣ የማይቀር ምክር አለ፤ «መንገድ ከጠፋህ ዛቡን (የልጓሙን ገመድ) ልቀቅላት፣ በቅሎ ቤቷን ታውቃለች» ይባላል። እውነት ነው፣ ታውቃለች። ግን የምታውቀው የራሷን ቤት እንጂ የእንግዳውን ድንኳን አይደለም።

ክረምቱ እንደወጣ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። አራት የአዲስ አበባ እንግዶች ከግጭ ካምፕ (3,600 ሜትር) ተነስተው የእሜት ጎጎን ጫፍ (3,926 ሜትር) አይተው እየተመለሱ ነበር። ሁለቱ በእግር፣ ሁለቱ በበቅሎ፤ አብረዋቸው አስጎብኚ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) እና ባለ በቅሎ። በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሳው ደመና ገደሉን ይዞ ይወጣና ጓሳው (የደጋው ሣር) ላይ ይተኛል፤ ያኔ ጅብራው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ተክል እንኳ ከሃያ እርምጃ አይታይም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ የጫነችው ሦስተኛዋ በቅሎ ጭነቷ ዘመመና ባለ በቅሎው ሊያቃናላት ቆመ። አስጎብኚውና ስካውቱ ከእግረኞቹ ጋር ፊት ነበሩ። ተቀማጮቹ፣ በበቅሎ ያሉት ሁለቱ፣ መሃል ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሁሉም የየራሱን ሥራ እየሠራ ነበር፤ ኋላ ማን እንዳለ የሚቆጥር ብቻ ጠፋ።

ካምፕ ሲደረስ አሥር ሰዓት ከአሥር። ተቀማጮቹ የሉም።

አስጎብኚው ወጣት ነው፤ ወዲያው ወደ ገደሉ ሊሮጥ ተነሳ። ባለ በቅሎው ያዘው። «አንተ ልጅ፣ ቆይ እንጂ! በቅሎ ወደ ገደል ምን ልታደርግ ትሄዳለች? ትናንት ገብስ የበላችው የት ነው?»

«ሳንቃበር ነዋ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ወደ ጅንባር ወንዝ ነው የወረዱት።»

በቅሎዎቹ የደባርቅ ናቸው። ግጭን የሚያውቁት በአንድ ቀን መውጣት ብቻ ነው፤ ያደሩትና ገብስ የበሉት ከግጭ በታች ባለው ሳንቃበር ካምፕ ነው፣ ቤታቸውም ከዚያ ወዲያ ነው። ዛቡ ሲለቀቅላቸው ካምፑን በጎን ትተው ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ያዙ።

የተቀማጭ ፍለጋ ከእግረኛ ፍለጋ የሚለየው በርቀቱ ነው። የጠፋ እግረኛ ይዞራል፣ ይደክመዋል፣ ይቀመጣል። በቅሎ ግን በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በአርባ ደቂቃ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሜዳውን ማሰስ ስለማያዋጣ መጀመሪያ የሚያዘው መውጫው ነው። ስካውቱ በአቋራጭ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ወረደ። አንድ እንግዳ ባትሪ ይዞ ካምፕ ቀረ፣ ቦታውን እንዳይለቅም ተነገረው። አስጎብኚውና ባለ በቅሎው ከመጨረሻው የታዩበት ቦታ ተነስተው ዱካ ያዙ፤ ሦስተኛዋንም በቅሎ ይዘው ሄዱ። ይህችኛዋ ነገር ብዙ ሰው አይገባውም።

የበቅሎ ኮቴ ከፈረስ ይጠብባል፤ እርጥብ ጓሳ ላይ ባይታተምም ጤዛውን ጠርጎ ስለሚያልፍ የሄዱበት መስመር ጠቆር ብሎ ይታያል። ፋንድያው ውስጡ ለብ ካለ ቅርብ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጆሮ ነገር ነው። አብራ የዋለች በቅሎ ጓደኞቿን ከሰው ቀድማ ትሰማለች። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ነፍቶ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለትና ጆሮዋን ማየት ነው። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ የሚል ከሆነ ምንም የለም። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ከቆሙ ወደዚያ ይኬዳል። እየተጣሩ መሄድ ትርፉ መልሱን አለመስማት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከወንዙ በላይ ተገኙ። አንዱ ወርዶ ዛብ ይዞ ቆሟል፤ ሌላው ኮርቻ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ተቀማጭ እግሩን ስለማያንቀሳቅስ ከእግረኛ ቀድሞ ይበርደዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ራሱ እንዲወርድ መተው አይገባም፤ እርካብ ውስጥ የደነዘዘ እግር መሬት ሲነካ ይከዳል። አንዱ በቅሎዋን ይይዛል፣ ሌላው ሰውየውን በብብቱ ደግፎ ያወርዳል። እርጥቡ ልብስ ይወልቃል፣ ደረቅ ይለበሳል፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ይደረባል። ብርጭቆውን ራሱ መያዝ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ ይሰጠዋል። አረቄ ግን አይሆንም፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያስጨርሳል።

ሰውየው ጥሩ ጃኬት ነበረው፤ ግን ከጓዙ ጋር ካምፕ ቀርቷል። ከመንገዱ መሳትም ይልቅ የሚያናድደው ይህ ነው። ጃኬት፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካና ግማሽ ሊትር ውኃ ከተቀማጩ ኮርቻ ላይ መታሰር አለባቸው። ከጭነት በቅሎ ጋር የሄደ ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ጠዋት ከመነሳት በፊት ለእንግዳ የሚነገረው ተለውጧል። ከፊትህ ያለውን ሰው ካላየኸው ቁም፣ ውረድ፣ ዛቡን በእጅህ አጥብቀህ ያዝ፣ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ንፋ፣ ከዚያ አትንቀሳቀስ። ዛብ መልቀቅ የሚፈቀደው በቅሎዋ ካምፑ ውስጥ አድራ ገብስ ከበላች ብቻ ነው። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ፊተኛው ቆሞ ኋለኛውን በዓይኑ ያያል። ጭነት ከዘመመ ሁሉም ይቆማል።

ማታ ካምፕ ሲገቡ ባለ በቅሎው ኮርቻውን ወዲያው አላወረደም፤ ጠፍሩን ብቻ አላልቶ የበቅሎዎቹ ጀርባ ላቡን እስኪጨርስ ጠበቀ። ኋላ ግላሱን (ከኮርቻው ሥር ያለውን ምንጣፍ) ሲያነሳ የአንዲቱ ትከሻ ላይ የእንቁላል ስፋት ያህል ቦታ አብጦ አገኘው። ቁልቁለቱን ከኮርቻ ሳይወርዱ ተቀምጠው ስለተጓዙ ኮርቻው ወደፊት ተንሸራቶ ነው። ያች በቅሎ በማግሥቱ አልተጫነችም፤ እንግዳውም ወደ ሳንቃበር በእግሩ ወረደ።