የምግብ ቧንቧችሁን ጡንቻ ከማስቆረጣችሁ በፊት ናሙና አስወስዱ

መጀመሪያ ደረቴ ላይ መቆም የጀመረው ሥጋ ነበር፤ እየቆየ እንጀራም አልወርድ አለኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ» አለኝ፤ ሐኪሜም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘዘልኝ። ባሪየም ጠጥቼ ራጅ ተነሣሁ፤ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የምግብ ቧንቧን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪም ተሠራልኝ። በምውጥበት ጊዜ የታችኛው መዝጊያ ጡንቻ በቅጡ እንደማይላላ ታየና አካላዚያ የተባለው፣ ይህ ጡንቻ አልከፈት የሚልበት በሽታ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና መቁረጥም በመፍትሔነት ቀረበልኝ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ካሜራ ባለው ቱቦ የቧንቧውን ውስጥ የሚያየው ኢንዶስኮፒ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም እንዳለብኝ መዝገቤ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ሐኪሙ «ንጹሕ ነው» ብሎ ከግድግዳው አንድም ናሙና ሳይወስድ ጨረሰ። በዓይን ንጹሕ የሚመስል ቧንቧ፣ በአለርጂ ጊዜ በሚበዙት ኢኦሲኖፊል በተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የተወረረ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሕዋሳትና ሌሎቹ የአለርጂ ሕዋሳት፣ ማስት ሴሎች፣ የሚለቋቸው ንጥረ ነገሮች ግድግዳውን ከማሳበጥና ከማጠንከር አልፈው የጡንቻውን እንቅስቃሴ ስለሚያውኩ፣ ማኖሜትሪው አካላዚያ የሚመስል ውጤት የሚያሳይበት ጊዜ አለ። በተለመደው አካላዚያም የመከላከያ ሕዋሳት እጅ አለበት፤ ቲ ሊምፎሳይቶች በጡንቻው ንብርብሮች መካከል ያሉትን ነርቮች ከብበው ተገኝተዋል። ሆኖም ናይትሪክ ኦክሳይድ እያመነጩ ጡንቻውን የሚያላሉት ነርቮች አንዴ ከጠፉ የሚመልሳቸው መድኃኒት የለም፤ የአለርጂው ብግነት ግን በመድኃኒት ሊበርድ ይችላል። ይህን ሳያጣሩ ቢላ ማንሣት ለእኔ ችኮላ ነው።

ኢንሹራንሱ ሁለተኛውን ኢንዶስኮፒ «በቅርቡ ተደርጓል» ብሎ ከለከለ፤ የፈቀደው ከብዙ የስልክ ጭቅጭቅና ከሐኪም ደብዳቤ በኋላ ነው። ቀጥሎ የመጣው የዝግጅት ወረቀት ደግሞ «መድኃኒትዎን እንደ ወትሮው ይውሰዱ» ይላል። ኦሜፕራዞል በብዙ ሕመምተኞች ላይ የኢኦሲኖፊልን ቁጥር ስለሚቀንስ የአለርጂውን በሽታ ከናሙናው ሊሰውረው ይችላል፤ የብሪታንያ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር የ2022 መመሪያም ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት እንዲቋረጥ ይመክራል። ደውዬ ያገኘኋት ነርስ ሐበሻ ነበረችና «ወንድሜ፣ ወረቀቱ ያለህን ብቻ አድርግ» አለችኝ። «እህቴ፣ እሺ፤ ግን ሐኪሙን ጠይቂልኝ» ብዬ ስልኩን አልዘጋ አልኩ። ጠየቀች፤ ሐኪሙም አቁም አለ። በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ወረቀቱን ብቻ አምናችሁም አትቀመጡ።

ከላይኛውና ከታችኛው የቧንቧው ክፍል 6 ናሙና ተወሰደ። በአንድ የማይክሮስኮፕ ዕይታ 15 ኢኦሲኖፊል ለምርመራው በቂ ሲሆን፣ የእኔ ከዚያ በእጅጉ በለጠ። ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ ቡዴሶናይድ፣ ታዘዘልኝ፤ ከተዋጠ በኋላ ለ30 ደቂቃ አይበላም፣ አይጠጣም። ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ፤ እንጀራም ያለ ውኃ ይወርድልኝ ጀመር።

ናሙና መቆንጠጫው የሚደርሰው እስከ ውስጠኛው ሽፋን ብቻ ነው፤ ኢኦሲኖፊል በጡንቻው ውስጥ ብቻ ሊደበቅ ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ስለዚህ ናሙናው ንጹሕ ነው ብባል ኖሮም፣ አስም ይዞኝ እንዳደገ ሰው ጥያቄዬን አልተውም ነበር።