ቀኗ ሳይደርስ የተወለደችውን ልጄን ዕድገት እንዴት ተከታተልኩ
ልጄ የተወለደችው በ32ኛው ሳምንት ነው፤ 40 ሳምንት ሊሞላ ስምንት ሲቀረው ማለት ነው። ከሙቀት ክፍል ወጥተን ቤት ከገባን በኋላ ያስጨነቀኝ ክብደቷ ብቻ አልነበረም። አራስ ጠያቂው ሁሉ ይጠይቃል፦ «ሦስት ወር ሆናት አይደል? እንዴት እስካሁን አትስቅም?» «የእህቴ ልጅ እኮ በዚህ ጊዜ አንገቷ ጸንቶ ነበር።» በክፋት አልነበረም፤ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አድር ነበር።

ያሳረፈኝ የሕፃናት ሐኪሟ ያሳየችኝ ሒሳብ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ዕድገቱ የሚታየው ከተወለደበት ቀን ሳይሆን ሊወለድበት ይገባ ከነበረው ቀን ተነስቶ ነው። የተስተካከለ ዕድሜ ይሉታል። ከእኔ ልጅ ላይ ሁለት ወር ገደማ ይቀነሳል፤ ስለዚህ በሦስት ወሯ የሚጠበቅባት ከአንድ ወር ሕፃን የሚጠበቀው ነው። ሕፃናት ሰው አይተው ፈገግ ማለት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የእኔዋ ፈገግ ያለችልኝ ሦስት ወር ተኩል ሲሆናት ነበር። ሁለቱን ወር ስቀንስ ስድስት ሳምንት ሆነ፤ ምንም አልዘገየችም ነበር!

ቅነሳው ለክትባት አይሠራም። «ትንሽ ትጠንክር» ብለው የሚያቆዩ እናቶች አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቀድሞ የተወለደን ልጅ ነው ኢንፌክሽን ይበልጥ የሚጎዳው። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ክትባት የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ነው፤ እንደዚያው አስከተብኳት። ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር የሚያየን ባለሙያ ስለሚለያይ፣ ካርዷ ላይ የተወለደችበትን ሳምንት ጎላ አድርጌ ጽፌ ነበር። ይህንን ለሁሉም እናት እመክራለሁ፤ ብዙ ማስረዳት ያድናል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ከሌሊት ደረቴ ላይ ነበረች፤ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሳ፣ ቆዳዋ ከቆዳዬ ተጣብቆ፣ በጨርቅ ታስራ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ቦጎታ፣ ማሞቂያ ላልተዳረሰላቸው ሕፃናት ሲባል የተጀመረ ነው። እኔ ስደክም አባቷ ሸሚዙን አውልቆ ይቀበለኛል። እናቴ መጀመሪያ «አራስ ልጅ በወንድ ደረት?» ብላ ተገርማ ነበር፤ ኋላ ለጎረቤት የምታስረዳው እሷ ሆነች።

ከዚያ ወለሉ ተከተለ። ነቅታ ስትጫወት ምንጣፍ ላይ በሆዷ አስተኛትና ፊት ለፊቷ ተኝቼ አወራት ነበር። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ አነሳታለሁ፤ ትንሽ ቆይተን እንደገና። አንገትና ትከሻ የሚጠነክረው በዚህ ነው። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ ነበር፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልተደራደርኩም።

ይበልጥ ያከራከረን ዳዴ ነው። ልጄ ዳዴ አላለችም። ቁጭ ብላ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ቤቱን ሁሉ ታዳርሰዋለች። እናቴ «ዳዴ ያላለ ልጅ እግሩ አይጠናም» ብላ ፈራች። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ግን ከመቶ አራት ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ እንደሚራመዱ ያሳያል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከአራት ወር ገደማ እስከ ዘጠኝ ወር፣ ብቻን መራመድ ደግሞ ከስምንት ወር እስከ አሥራ ሰባት ወር ተኩል ይዘልቃል። የልዩነቱን ስፋት ሳይ ልጄን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማስተያየት ትርጉም አጣብኝ። እኔ የምጠብቀው ትናንት ያልቻለችውን ዛሬ መሞከሯን ነበር።

አንዲት ዘመዳችን ቶሎ እንድትሄድ ብላ ዎከር፣ ማለትም ሕፃን ውስጡ ሆኖ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበት ባለጎማ መቀመጫ፣ ይዛልን መጣች። በፍቅር ያመጣችው ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ። ሆኖም ዎከር ልጅን ቶሎ አያስኬድም፤ ከደረጃ ይዞት ይወድቃል፣ ወደ ምድጃም ያደርሰዋል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች። አመስግኜ ምክንያቱን ነገርኳት፤ ተረዳችኝ። ልጄ ሶፋ ተደግፋ ቆመች፣ እኛም «ወፌ ቆመች!» እያልን አጨበጨብንላት፤ በተስተካከለ ዕድሜዋ አሥራ አራት ወር ሲሆናት ብቻዋን ተራመደች።

ይህ ሁሉ «ቀድማ ስለተወለደች ነው» እያሉ መጠበቅ ማለት አይደለም። ሐኪሟ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ያስጠነቀቀችኝ ነገሮች ነበሩ፦ የቻለችውን ነገር ከተወች፣ ዓመት ሳይሞላት በአንድ እጇ ብቻ መጠቀም ካዘወተረች፣ እግሮቿ ግትር ካሉ ወይም ሰውነቷ ከለሰለሰ፣ ድምፅ ሰምታ ካልዞረች። ቀድመው የተወለዱ ልጆች ለመስማትና ለማየት ችግር ይበልጥ ስለሚጋለጡ፣ ጆሮዋንም ዓይኗንም አስመርምሬያለሁ።

ሁለት ዓመት ሲሞላት መቀነሱን አቆምን። አሁን የምከታተለው ንግግሯን ነው፤ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እያለች ሁለት ሁለት ቃል ማገናኘት ጀምራለች።