ከልብስ ማድረቂያው ጀርባ

ነገሩ የሆነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ነው፤ ወሩም ሐምሌ። ተከራይዋ እናት የሠርግ አልበማቸውን ከካርቶን ሲያወጡ ጠርዙ ተፍቆ፣ ገጹ ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ አገኙት። ከሥሩ የነበረው ነጠላም ተበሳስቷል። «ብል ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፣ ልጄ» አሉት ለጥገና የመጣውን ወጣት።

ብል አልነበረም። የብል ትል የሚመርጠው ሱፍና ሐር ነው። ወረቀትና ጥጥ አብረው ሲፋቁ፣ አጠገባቸውም እንደተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ኩስ ሲገኝ ሲልቨርፊሽ የሚባለውን ነፍሳት መጠርጠር ነው። ክንፍ የለውም፤ ርዝመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ብርማ ቅርፊት ለብሶ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ይጎትታል፤ መብራት ሲበራ ስንጥቅ ውስጥ ይሰወራል። የሚወደው ስታርችና ስኳር ያለበትን ነው፦ የመጽሐፍና የካርቶን ሙጫ፣ ዱቄት፣ ስታርች ተደርጎ የተተኮሰ ልብስ።

ወጣቱ በዞኮሎው ዙሪያ መድኃኒት ረጭቶ ሄደ። ስሕተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ርጭት የሚገድለው ወጥቶ የሚሄደውን ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን እንቁላል አይነካውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነፍሳቱ እንደገና ታየ።

ወጣቱ ሲመለስ ተከራይዋ ሦስት ቆርቆሮ የጭስ መርዝ ገዝተው ውሃ ማሞቂያው ሥር ደርድረዋል። ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ፣ ሌት ተቀን የማትጠፋ ትንሽ ነበልባል ያለው ነው። ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። «እትዬ፣ ይሄማ ቤቱን ያነደው ነበር» ብሎ አንድ በአንድ ወደ ውጭ አወጣቸው። በዚያ ላይ ጭሱ ወለልና ጠረጴዛ ላይ ያርፋል እንጂ ነፍሳቱ የተደበቀበት ድረስ አይዘልቅም።

ከዚያ በኋላ ነው መርዙን ትቶ ወደ መቁጠር የገባው። ስድስት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ወስዶ የውጭ ጎናቸውን ከታች እስከ አፋቸው በወረቀት ፕላስተር ጠቀለለ፣ ውስጣቸው ቁራሽ ዳቦ ጣለ። ነፍሳቱ በፕላስተሩ ተንጠላጥሎ ይገባል፤ በለስላሳው መስታወት ግን መውጣት አይችልም። ከአራት ሌሊት በኋላ መኝታ ቤቱ 0፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር 3፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል 19 ያዘ። እዚያው ክፍል የእርጥበት መለኪያው 74 በመቶ ያነባል።

ልብስ ማድረቂያውን ወደ ፊት ሲስበው አየር ማስወጫ ቱቦው ከግድግዳው ተላቆ ተገኘ። ልብስ በተደረቀ ቁጥር ከጨርቁ የወጣው ውሃ ሁሉ በእንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ከማሽኑ ጀርባ የተከመረው የጥጥ ብናኝ ደግሞ ለነፍሳቱ ቀለብ ሆኖታል። ወጣቱ ብናኙን ጠርጎ 4 ኢንች ጠንካራ የብረት ቱቦ አስገባ፤ መጋጠሚያውንም በአልሙኒየም ፕላስተር አሸገ። ግራጫው የጨርቅ ፕላስተር በሙቀት ይላቀቃል። ብሎንም ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ብናኝ ይይዛል፤ የተጠራቀመ ብናኝ እሳት ያስነሳል።

እርጥበት መምጠጫው ማሽን 45 በመቶ ላይ ተደረገ፤ ባልዲው ሞልቶ እንዳይቆም ቱቦው በቀጥታ ወደ ወለል ፍሳሽ ተለቀቀ። የዞኮሎው ክፍተት በሲልከን ተደፈነ።

ዱቄቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ለተባይ ተብሎ የሚሸጥ ዳያቶማይት (ከጥቃቅን የውሃ አልጌ ቅሪት የሚገኝ ዱቄት)፣ በመንፊያ፣ ለዓይን እምብዛም እስካይታይ ስስ ሆኖ ማሽኖቹ ጀርባ ስንጥቅ ውስጥ። ወፍራም ከሆነ ነፍሳቱ ዞሮት ያልፋል፤ ከረጠበ ደግሞ አይሠራም፣ ምክንያቱም የሚገድለው የገላውን ሰም ፍቆ በማድረቅ ነው። ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠው የዳያቶማይት ዓይነት ግን ሳንባ ስለሚጎዳ ቤት ውስጥ አይነፋም።

አልበሙ ውስጡ የቀረ ነፍሳትና እንቁላል እንዲሞት በፕላስቲክ ታሽጎ ‑18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆየ። ሲወጣ ሳይከፈት አንድ ቀን ሙሉ ማደር አለበት፤ ቶሎ ከተከፈተ ጤዛ ፎቶዎቹን ያጣብቃቸዋል። ነጠላው ታጥቦ በደንብ ደርቆ፣ ያለ ስታርች፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ተቀመጠ። ካርቶኖቹ በሙሉ ተጣሉ።

በወሩ የማጠቢያው ክፍል ጠርሙስ 6 ያዘ፣ በሦስተኛው ወር 1። ነፍሳቱ ዓመታት የሚኖር፣ ያለ ምግብም ወራት የሚቆይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ድምጥማጡ አይጠፋም። ጠርሙሱ አሁንም ከማድረቂያው ጀርባ አለ፤ እትዬ በየወሩ ዳቦውን ይቀይራሉ።