ዘሩን ወፍ አልበላውም

ሜሪላንድ ውስጥ በሣር ሥራ የሚተዳደር ሰው የዓመቱ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባሉት ሳምንታት ነው። በብዙ ግቢ ያለው ቶል ፌስኪው የሚባለው ሣር ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። የሰመር ወራት ሐሩር በረድ ብሎ አፈሩ ግን ገና ሙቀት እያለው ከተዘራ፣ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ይበቅላል፤ ብርዱ እስኪገባም ሥር ይሰዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የአንድ ታውንሃውስ ግቢ የያዘ አነስተኛ ቡድን ጊዜውን አላሳለፈም። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ማዳበሪያ በተነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሬቱን በኤሬተር (አፈር በሚበሳ ማሽን) በሳ፤ በ1000 ካሬ ጫማ 5 ፓውንድ ዘር ዘራ፤ ጠዋትና ከሰዓት አጠጣ። የዘሩ መጠን ልክ ነው፤ ለሳሳ ሣር ከ4 እስከ 6 ፓውንድ ይበቃል። ኤሬተሩ ያወጣውን ድቡልቡል አፈርም ሳይጠርጉ ትተውታል። ይህም ደግ አደረጉ የሚያሰኝ ነው፤ ፈርሶ ዘሩን ያለብሰዋል። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ግቢው እንደ ራሰ በራነቱ ቀረ።

መጀመሪያ የተወቀሰው ወፍ ነው። በዚህ ሥራ ወፍ ሁሌም ተከሳሽ ነው፣ ጠበቃም የለውም። ቀጥሎ ዘሩ አርጅቷል ተባለ፤ ከዚያ ውኃው አነሰ። ሌላ ዘር ተገዝቶ ሊደገም ሲል፣ ከቡድኑ በዕድሜ ትንሹ ልጅ ተንበርክኮ አፈሩን በቢላ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገና አለቃውን ጠራ።

«ጋሼ፣ ዘሩማ አለ። በቅሏል፤ ግን ሥሩ ቆሟል።»

«እንዴት ነው የሚቆመው? እስቲ አምጣው።»

መዳፉ ላይ ያሉት ፍሬዎች ተሰንጥቀው ነጭ ሥር አውጥተዋል። ሥሩ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ሄዶ ቀርቷል፤ ጫፉም እንደ ዱላ ራስ አብጧል። ይህ ምልክት ሌላውን ሁሉ ያስቀራል። ወፍ የበላው ዘር አይገኝም። ውኃ ያጣ ዘር ጭራሽ አይሰነጠቅም፤ ወይም ያወጣት ሥር ደርቃ ክር ትመስላለች። ያበጠ ጫፍ የሚያሳየው የሥሩ ሴሎች መከፋፈል እንዳቆሙ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ አረም ከመብቀሉ በፊት የሚበተን መከላከያ ነው። ሌላም ፍንጭ ነበር። እዚህም እዚያም ኤሬተሩ በበሳቸው ጉድጓዶች ውስጥ ለምለም ቡቃያ ብቅ ብሏል። መድኃኒቱ የሚተኛው በአፈሩ የላይኛው ኢንች ገደማ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀው ዘር ግን ከመድኃኒቱ በታች አርፏል።

ባዶው ከረጢት ከመጋዘን ወጣ። ፊቱ ላይ የማዳበሪያው ሦስት ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈዋል። ጀርባው ላይ በደቃቁ «ፕሮዲያሚን 0.38 በመቶ» ይላል፤ ያ የአረም መከላከያ ይኸው ነው። ፕሮዲያሚን ሥር የሰደደ ሣር አይነካም፤ ለዚህም ነው ነባሩ ሣር አምሮበት ማንም ያልጠረጠረው። አዲስ ዘር ሲያገኝ ግን የአረም ይሁን የሣር አይለይም፤ አቅሙም ለወራት ይቆያል። ልዩ ልዩ ምርት ልዩ ልዩ የመቆያ ጊዜ ስላለው፣ ከብተናው በኋላ ስንት ወር ሳይዘራ መቆየት እንዳለበት መለያው ላይ ይነበባል።

ከረጢት ለመለየት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ፀረ አረም የተቀላቀለበት ምርት የኢ.ፒ.ኤ. (የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ) ምዝገባ ቁጥር አለው፤ ተራ ማዳበሪያ የለውም። ቁጥሩ ካለ ከዘር በፊት አይበተንም፤ ለዘር ተብሎ የተሠራ መሆኑን መለያው ካልተናገረ በቀር።

ቀድሞ ምን እንደተበተነ የማይታወቅ ግቢ ሲረከቡ ደግሞ በሁለት ብርጭቆ መፈተን ይቻላል። አንዱ ውስጥ ከተጠረጠረው ቦታ የላይኛው ኢንች አፈር፣ ሌላው ውስጥ ምንም ካልነካው የአትክልት መደብ የተወሰደ አፈር ይደረጋል። ከሥራቸው ቀዳዳ ይበጅላቸዋል፤ እኩል ፍሬ ይዘራባቸውና ሙቀት ያለበት ክፍል መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። በሁለት ሳምንት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ይህንን ኦገስት ላይ የሠራ ሰው ሴፕቴምበርን አያባክንም።

ለዚያ ግቢ የቀረው አማራጭ ጠባብ ነበር። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለውን የከሰል ዱቄት በውኃ በጥብጦ መርጨት መድኃኒቱን ያስረዋል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ልብስንም ግድግዳንም ያጠቁራል። ቡድኑ መግቢያው አጠገብ ያለውን ቦታ ብቻ 2 ኢንች ያህል ገፎ በአዲስ አፈር ተካና እንደገና ዘራ። የተቀረውን ለመጪው ሴፕቴምበር አቆየው። እኔ ብሆንም ይህንኑ እመርጥ ነበር፤ ዘግይቶ ኖቬምበር ላይ የበቀለ ሣር ሥሩ ሳይጠና ውርጩ ከመሬት ይነቅለዋል።

በቀሩት ሳምንታት ሥራው ነባሩን ሣር መንከባከብ ነበር። ከዛፍ የረገፈውን ቅጠል ጨርሶ ከመጥረግ ሣሩ ደርቆ ሳለ በማጨጃው ሁለቴ ሄዶበት ማድቀቅ ይሻላል፤ አዲስ ቡቃያ ባለበት ቦታ ብቻ በንፋስ ማሽን ቀስ ተብሎ ይነሳል፣ እርጥብ ቅጠል ቡቃያን ያፍነዋልና። ማዳበሪያ ላይ የሜሪላንድ ሕግ ጥብቅ ነው፦ በአንድ ብተና ከ0.9 ፓውንድ ናይትሮጅን በ1000 ካሬ ጫማ አይበልጥም። 25 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ከረጢት ከሆነ 3.6 ፓውንድ ምርት ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ራሱ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ጨርሶ መበተን አይችልም። አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ላይ የፈሰሰው ተጠርጎ ወደ ሣሩ ይመለሳል።

ስፕሪንግ ሲመጣ ሌላ ፈተና አለ፤ ክራብግራስ የሚባለው አረም በባዶው ቦታ ይገባል። እሱን ለመከላከል እንደገና ፕሮዲያሚን ቢበተን ዘር መዝራት ይዘገያል። መዝራት የግድ ከሆነ ሜሶትራዮን የሚባለው ፀረ አረም ያለበት ምርት ይመረጣል፤ በቶል ፌስኪው ዘር ላይ በመለያው መጠን ይፈቀዳል። መበተኛውም ጋሪ ከየሥራው በኋላ ሣሩ ላይ እንዳለ ተጠርጎ ይታጠብ፤ ሆዱ ውስጥ የቀረ ጥቂት ፍሬ ሌላ ሰው ግቢ ላይ ራሰ በራ መስመር ያወጣል።